ኳስ ተመልካቹን ነው ያጣው ወይስ ተመልካች ኳሱን?

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በደሴና በኮምቦልቻ፣ በሻይ ቤትም ቢሆን በመሥሪያ ቤት ደጅም ቢሆን፣ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «የኳስ ጨዋታ በሕዝብ ዘንድ የነበረውን ተወዳጅነት አጥቷልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት የመዝናኛ ነገር ስለ ሆነ፣ ቁም ነገር ለሚያስብ ሰው ጊዜ ማጥፊያ ይመስላል። ነገር ግን ጠጋ ብለው ሲመረምሩት በውስጡ ሌላ ጥያቄ የያዘ ሆኖ ይገኛል። ሰው ለሚወደው ነገር ምን ዕዳ አለበት? ከሩቅ ሆኖ መውደድስ በእውነት መውደድ ነውን? ስለዚህ ክቡራን አንባቢያን ስለ ኳስ በማንሣቴ እንዳይታዘቡኝ እየለመንሁ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ለማየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ በዐይን የሚታየውን እናስቀድም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በደሴ ፒያሳ የቆመ ሰው ሁለት ዐይነት ጕዞ ያያል። አንደኛው ወደ ሆጤ ሜዳ የሚያመራው ነው። ይህ ጕዞ ቀጭን ነው፤ አንዳንድ ቀን ከተጫዋቾቹ ወዳጆች፣ ከጥቂት ሽማግሌዎችና ሌላ መዋያ ከሌላቸው ልጆች በቀር ሰው አይታይበትም። ሁለተኛው በየሰፈሩ ወዳሉት የቴሌቪዥን ማሳያ ቤቶች የሚጐርፈው ነው። በነዚህ ቤቶች ደጅ የዕለቱ ግጥሚያ በጠመኔ ተጽፎ ይታያል፤ አርሰናል ከእገሌ፣ ማንችስተር ከእገሌ ይላል። ወጣቱ የመግቢያውን ከፍሎ ይገባል፤ አግዳሚው ሲሞላ ይቆማል፤ መቆሚያ ሲጠፋ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ያያል። ግብ ሲገባ የሚነሣው ጩኸት የጦሳን ተራራ የሚያናጋ ይመስላል። ሐረጎን አልፈው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱም ነገሩ ያው ነው፤ የሚለወጠው የአየሩ ሙቀት ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ያየ ሰው «ኳስ ተወዳጅነቱን አጣ» ሊል አይችልም። «ኳሳችን እንደ ተወደደ ነው» ሊልም አይችልም። ከዚህ የተነሣ በአንድ ስም የምንጠራቸውን ሦስት ነገሮች መለየት ግድ ይሆናል። አንደኛው ጨዋታውን መውደድ ነው። ሁለተኛው ጨዋታውን ማየት ነው። ሦስተኛው ጨዋታው በሚካሄድበት ስፍራ መገኘት ነው። ቀድሞ እነዚህ ሦስቱ አይለያዩም ነበር፤ የወደደ ያያል፣ ያየ ይገኛል። ዛሬ ግን ሰው ሳይገኝ ያያል። የክርክራችን ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በስሙ የእግር ኳስ ቢባልም አብዛኛውን በእጅ የሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አለ፤ ከሌሎች ጨዋታዎች ሁሉ አብልጠው ይወዱታል። እ. ኤ. አ. በ2016 እና በ2017 በቴሌቪዥን የሚያየው ሰው ቍጥር በተከታታይ ቀነሰ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 8 ያህል፣ በሁለተኛው ከመቶ 10 ያህል። ያን ጊዜ ሊቃውንቱም ጋዜጠኞቹም ምክንያት ፍለጋ ተሰማሩ። አንዱ ምርጫ ስለ ነበረ ነው አለ። ሌላው ተጫዋቾች መዝሙር ሲዘመር በዘር በደል ምክንያት በመንበርከካቸው ነው አለ። ሌላው የጭንቅላት ግጭት በተጫዋቾች አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጕዳት ስለ ታወቀ የሰው ኅሊና ከብዶት ነው አለ። ሌላው ደግሞ ማስታወቂያው በዛ አለ። ጥቂት ዓመታት አለፉና ተመልካቹ ተመለሰ፤ እ. ኤ. አ. በ2024 የዋንጫውን ግጥሚያ ከ120 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው አየው። መዝሙሩም፣ የጭንቅላቱ ጕዳትም፣ ማስታወቂያውም ከነክርክራቸው እንዳሉ ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው የተመልካች ዐይን እንደ ነፋስ መሆኑን ነው፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በዐይን ቍጥር ብቻ የአንድን ነገር ክብር መመዘን ስሕተት ነው። ይልቁንም ልብ የሚያስደርገው ሌላው ነገር ነው። እነዚያው አሜሪካኖች ቴሌቪዥን ሜዳውን ባዶ እንዳያደርገው ፈርተው፣ እ. ኤ. አ. ከ1973 እስከ 2014 ድረስ አንድ ደንብ ነበራቸው። የአንድ ከተማ ቡድን በሜዳው ሲጫወት፣ ትኬቱ ከጨዋታው 72 ሰዓት አስቀድሞ ተሸጦ ካላለቀ፣ ጨዋታው በዚያው ከተማ ቴሌቪዥን አይታይም ነበር። እንግሊዞችም ከ1960ዎቹ ጀምሮ እስካሁን፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ የኳስ ግጥሚያ በአገራቸው ቴሌቪዥን በቀጥታ እንዳይታይ ይከለክላሉ። ምክንያቱም ትልልቆቹን ክለቦች በቤቱ ተቀምጦ የሚያይ ሰው የሰፈሩን ትንሽ ክለብ ለማየት አይወጣም በማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። በዚያች ሰዓት በእንግሊዝ አገር የሚደረገውን ግጥሚያ በስታዲየሙ አጥር ሥር የሚኖር እንግሊዛዊ በቤቱ ሆኖ ሊያየው አይፈቀድለትም። በኮምቦልቻ የሚኖር ወንድማችን ግን ያየዋል። እንግሊዞች ትንንሽ ክለቦቻቸውን ለመጠበቅ ያጠሩት አጥር የእኛን ትንንሽ ክለቦች አይጠብቅም። ማንም በክፋት ያደረገው አይደለም፤ ነገር ግን እነርሱ ለራሳቸው ያሰቡትን ያህል እኛ ለራሳችን አላሰብንም ማለት ነው። አባቶቻችን «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ያሉት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ወደ ኋላ መለስ ብለን ብንመለከት፣ የመገኘት ነገር በእኛ የኳስ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ የነበረው ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ. ም. ሲመሠረት ተመልካች ማለት በሜዳው ዳር የቆመ ሰው ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሆና የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ. ም. ስትመሠርት፣ በአገራችን ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ. ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፣ ያን ያየው በዚያ የተገኘው ሕዝብ ብቻ ነው። ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፣ መንግሥቱ ወርቁ ግቡን ሲያገባ፣ በደሴ የነበረ ሰው በጆሮው እንጂ በዐይኑ አልተካፈለም። ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ. ም. ነውና። ሆኖም ያን ድል የራሱ አድርጎ ያልቈጠረ ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ስለዚህ ማየት ብቻውን ሰውን ከጨዋታው ጋር የሚያስተሳስር ገመድ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ፍቅሩም እንዳልሞተ ማስረጃ አለን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ. ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ሲመለስ፣ የአዲስ አበባ ስታዲየም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነበር፤ በየከተማውም ሕዝቡ ወደ ጐዳና ወጥቶ ደስታውን ገለጠ። በዚያ ቀን «የኢትዮጵያ ኳስ ተመልካች የለውም» የሚል ሰው ቢኖር ኖሮ እንደ ዕብድ በተቈጠረ ነበር።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? እውነቱን ለመናገር፣ ተመልካቹ ብቻ አይደለም የሸሸው፤ ጨዋታውም ከተመልካቹ ሸሽቷል። በ2013 ዓ. ም. የውድድር ዘመን የፕሪሚየር ሊጉ ግጥሚያዎች በሳተላይት ቴሌቪዥን መታየት ጀመሩ። ወረርሽኙም ስለ ነበረ፣ ለማስተላለፍም ይመች ዘንድ፣ ክለቦቹ ሁሉ በጥቂት ከተሞች እየተሰበሰቡ ተራ በተራ እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ይህም አሠራር ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት ቀጠለ። በዚያው በ2013 ዓ. ም. ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሣ፣ ጎንደር ውድድሩ ከሚካሄድባቸው ከተሞች አንዷ አልነበረችም። የጎንደር ሰው የገዛ ልጆቹን ድል ያየው የኮምቦልቻ ሰው አርሰናልን እንደሚያየው ሆኖ ነው። ብሔራዊ ቡድኑም ሜዳዎቻችን የአህጉሩን መመዘኛ ባለማሟላታቸው በባዕድ አገር «ባለሜዳ» ለመሆን ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ. ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ሊሎንግዌ ላይ፣ በማላዊ ምድር ነው። ከ1954ቱ ድል 60 ዓመት በኋላ፣ የዚያኑ ባላንጣ ድል የራሱ ሕዝብ በሌለበት ሜዳ አከበረ ማለት ነው።

የወሎን ነገር ደግሞ ለብቻው ማየት ይገባል። የደሴ ከተማና የወሎ ኮምቦልቻ ቡድኖች ከዋናው ሊግ በታች ባለው በከፍተኛ ሊግ ሲጫወቱ የቆዩ ናቸው። ቴሌቪዥን እነርሱን ፈልጎ እዚህ ድረስ አይመጣም። ለእነርሱ ተመልካች ማለት ከቤቱ ወጥቶ የሚመጣ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱ ካልመጣ ማንም አያያቸውም። በዚህ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። በጥቅምት 2014 ዓ. ም. ማብቂያ ሁለቱ ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ወድቀው፣ ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ በኅዳር ማብቂያ ተመለሱ። በዚያ ወራት የተዘረፈው ንብረትና የጠፋው ሕይወት እያለ ስለ ኳስ መናገር ነውር ነው። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ሰላም ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው የሰዎች መሰባሰብ ነው፤ ሰላም ሲመለስም መጨረሻ የሚመለሰው እርሱ ነው። ገበያ በችግር ምክንያት ቶሎ ይከፈታል። በሜዳ ዳር ከማያውቁት ሰው ጐን ያለ ፍርሃት ተቀምጦ በአንድ ግብ አብሮ መነሣት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከ2015 ዓ. ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የተነሣው ግጭትም ይህን ይበልጥ አስቸጋሪ አድርጎታል።

አሁን ወደ ዋናው የሥነ ምግባር ጥያቄ እንመለስ። ሰው ጨዋታን የመገኘት ግዴታ አለበትን? ግዴታ የሚለው ቃል ለመዝናኛ ከባድ መስሎ እንደሚታይ ዐውቃለሁ። ነገር ግን እኛ ወሎዬዎች መገኘት ምን ማለት እንደ ሆነ የተማርንበት አንድ ትምህርት ቤት አለን፤ እርሱም ቅሬ ነው። በቅሬ ሕግ ጐረቤቱ ሲሞት በቤቱ ሆኖ ከልቡ ያለቀሰ ነገር ግን ለቀብር ያልወጣ ሰው ይቀጣል። ዳኛው «ልብህ አዝኗልን?» ብሎ አይጠይቀውም፤ «የት ነበርህ?» ይለዋል። ምክንያቱም በልብ ያለ ሐዘን የሐዘንተኛውን ትከሻ አይደግፍም፤ ቃሬዛውንም አይሸከምም። አባቶቻችን ይህን ሕግ ሲደነግጉ የልብን ነገር ንቀው አይደለም። ልብ ወደ ሥራ የሚለወጠው በመገኘት መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ የሚሰባሰብበት አገር ይህን ነገር ከሌላው ይልቅ ያውቀዋል።

ጨዋታ ቀብር አይደለም፤ ያልመጣ ሰውም አይቀጣ። ምሳሌው የሚያስረዳን ግን አለ። በሜዳ የተገኘ ተመልካች ከሚያየው ነገር ውስጥ አንድ እጅ አለው። የደከመው ልጅ በእርሱ ጩኸት ይበረታል፤ ያጠፋው በእርሱ ዝምታ ያፍራል፤ ዳኛውም በእርሱ ፊት መሆኑን ያውቃል። በመስኮቱ ብርሃን ፊት የሚጮኸው ሰው ግን ጩኸቱን የሚሰማው የለም። ለንደን ያለው ተጫዋች ደሴ የምትባል ከተማ መኖሯንም ላያውቅ ይችላል። ይህ ፍቅር ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ውኃ ነው፤ ወራጁን አያጠግብም፣ ምንጩንም አያውቀውም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት» መባሉ የሩቁ ዘመድ ስለማይወደድ ሳይሆን፣ በችግር ቀን የሚደርሰው የቅርቡ ስለ ሆነ ነው።

ከዚህ በፊት በኮምቦልቻ በአንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አገልግለው በጡረታ የተገለሉ አንድ ሽማግሌና አንድ ተማሪ በዚሁ ነገር ሲከራከሩ ሰማሁ። ተማሪው እንዲህ አላቸው፤ «ጋሼ፣ በእርስዎ ዘመን ሌላ የሚታይ ስላልነበረ ነው። እኔ ሜዳ ሄጄ ምን አያለሁ? ኳሱ ሦስት ጊዜ ከእግር ወደ እግር ሳይሄድ ይጠፋል። እዚህ ግን የዓለሙን ምርጥ አያለሁ። መልካሙን መውደድ ጥፋት ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ፈገግ ብለው መለሱለት። «የለም ልጄ፣ ጥፋት አይደለም። የእኛ ከዚያኛው ጋር እንደማይወዳደር እኔም ዐይን አለኝ፣ አያለሁ። ነገር ግን የፋብሪካችን ቡድን ሲጫወት በረኛው ጧት ጧት ከእኔ ጐን ባለው መኪና ላይ ክር የሚቀጥል ሰው ነበር። እሑድ ኳስ ካመለጠው ሰኞ ጧት እኔን አይቶ ያፍራል። እኔም 'አይዞህ፣ በሚመጣው ትይዛለህ' እለዋለሁ። በሚመጣው ሲይዝ እኔም የያዝሁ ይመስለኛል። አንተ የምታየው በረኛ ኳስ ቢያመልጠው ሰኞ ማንን አይቶ ያፍራል? አንተስ ማንን አይዞህ ትላለህ?»

ተማሪው ለጊዜው ዝም አለ። ከጥቂት በኋላ ግን እንዲህ አለ፤ «እሺ ጋሼ፣ ይሁን። ግን እኔ ብመጣ የምቀመጥበት የለም፤ ዝናብ ቢመጣ መጠለያ የለም፤ ጠብ ቢነሣ የሚያስጥለኝ የለም። እኔ ልምጣላቸው፤ እነርሱስ ለእኔ ምን አደረጉ?» ሽማግሌው በተራቸው ዝም አሉ።

እኔም ሁለቱም እውነት እንዳላቸው አሰብሁ። የተማሪው የመጀመሪያ ክርክር ቀላል አይደለም። መልካም ነገርን ከየትም ቢመጣ መውደድ የሠለጠነ ሰው ጠባይ ነው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልስ ማንም «የባዕድ ነገር አመጣህብን» ብሎ አልወቀሰውም፤ ቋንቋችን ከበረበት እንጂ። ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል። ጸጋዬ ከሩቅ ያመጣውን በእኛ ቋንቋ ዘርቶ በእኛ መድረክ አበቀለው፤ የራሱንም ተውኔት ጻፈ። የሩቁን አይቶ የቅርቡን የሚያሳድግ ተመልካች ቢኖረን ቴሌቪዥን ትልቅ መምህር በሆነልን ነበር። የሩቁን አይቶ በቅርቡ የሚስቅ ብቻ ከሆነ ግን ያየው ነገር ትምህርት አልሆነለትም። የሼክስፒርን ስም ጠርቶ አማርኛ መጽሐፍ በእጁ ያልነካ ሰው አንባቢ እንደማይባል ሁሉ፣ የሩቁን ሃያ ሁለት ሰው ስም በቃሉ የያዘ፣ የከተማውን በረኛ ስም ግን የማያውቅ ወጣት ገና ግማሽ ተመልካች ነው።

የተማሪው ሁለተኛ ክርክር ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው። መገኘት ግዴታ ከሆነ መቀበልም ግዴታ ነው። ደጋፊው ሕይወቱን አስይዞ እንዲመጣ የመጠየቅ መብት ያለው ማንም የለም። ከእኛ ሰሜን፣ በወልዲያ፣ በ2009 ዓ. ም. ያማረ ስታዲየም ተመርቆ ነበር። ዓመት ሳይሞላው ግን በ2010 ዓ. ም. በዚያች ከተማ በደጋፊዎች መካከል የተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ደረሰ። ያማረ ወንበር ያለ ሰላማዊ ልብ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ተገኝቶ ጐረቤቱን የሚሰድብና ድንጋይ የሚወረውር ሰው ከቀሪው ይብሳል። በቅሬም ቢሆን ለቀብር መጥቶ የሚጣላ ሰው ከቀረው ይልቅ ይቀጣል። የመገኘት ክብር ጠብን ትቶ በመምጣት ነው።

በመሥሪያ ቤት ለምንገኝ ሰዎች ደግሞ የሚቀርብ አንድ የተለየ ጥያቄ አለ። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በትኬት ገቢ ሳይሆን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። የተጫዋች ደመወዝ ከመጠን በላይ ስለ ናረ፣ በ2011 ዓ. ም. ማብቂያ የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ እስከ መወሰን ተደርሶ ነበር። ገንዘቡ ከሕዝብ የሚወጣ ከሆነ፣ ሕዝቡ በሌለበት ሜዳ የሚደረገው ጨዋታ ለማን ነው? አስተማሪ ያለ ተማሪ በባዶ ክፍል ቢያስተምር ደመወዙ እንደ ባከነ እንቈጥራለን። ክለብ ዋንጫ በማምጣቱ ብቻ ሳይሆን ስንት ሰው ባንድነት ስላስቀመጠ፣ ስንት ልጅ ከሰፈር አንሥቶ ስላሳደገ መመዘን አለበት። ከሌላ ከተማ ተገዝቶ መጥቶ በዓመቱ ለሚሄድ ተጫዋች የከተማው ሰው «ልጃችን» ሊለው አይችልም፤ «ልጃችን» ያላለውንም ለማየት በዝናብ አይወጣም።

ስለ ውርርድም ጥቂት ልበል። በየማሳያ ቤቱ ከሚቀመጠው ወጣት የብዙው እጅ ወረቀት ይዟል፤ በወረቀቱ ላይ የግጥሚያዎቹ ግምት ተጽፏል። ይህ ሰው ተመልካች መስሎ ተቀምጧል፤ ነገር ግን የሚያየው ጨዋታውን ሳይሆን ገንዘቡን ነው። ያማረ ግብ ቢገባ እንኳ ግምቱን ካፈረሰበት ይራገማል። ተመልካችነት በመሠረቱ ከራስ ጥቅም ለጥቂት ሰዓት ወጥቶ በሌላው ጥረት መደሰት ነው። ውርርድ ይህን ደስታ ነጥቆ ወደ ስግብግብነት ይመልሰዋል። ስለዚህ በማሳያ ቤቶች የምናየው ብዛት ሁሉ የኳስ ፍቅር ነው ብለን ራሳችንን አናታልል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለተነሣው ጥያቄ የማቀርበው መልስ ይህ ነው። ኳስ ተወዳጅነቱን አላጣም። ያጣው መገናኛውን ነው። ጨዋታው ለቴሌቪዥን ይመች ዘንድ ከከተማው ራቀ፤ ተመልካቹም የሩቁ ስላማረው ከሜዳው ራቀ፤ ሁለቱ በመንገድ ተላልፈው አንዱ የሌላውን ቤት ባዶ ሆኖ አገኘው። ማን መጀመሪያ እንደ ሄደ መከራከር ጥቅም የለውም። የሚጠቅመው ማን መጀመሪያ እንደሚመለስ ማሰብ ነው።

እንደ እኔ አስተያየት መመለሱ ከሁለቱም ወገን ባንድ ጊዜ መጀመር አለበት። ሹም የሆነ ሰው ከትልቅ ስታዲየም ዕቅድ በፊት ዝናብ የማያስገባ ጣራ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ሴቶችና ሕፃናት የማይፈሩበት በር ያዘጋጅ። ክለብ ልጆቹን ከየትምህርት ቤቱና ከየሰፈሩ ይፈልግ። አስተማሪ ተማሪዎቹን በወር አንድ ጊዜ ይዞ ይውረድ፤ ከተመለሱም በኋላ ስላዩት ነገር በመልካም አማርኛ ያጽፋቸው። ተማሪ ደግሞ የሩቁን ማየት አይተው፤ ከአራት ቅዳሜ አንዱን ብቻ ለቅርቡ ይስጥ። ሥራው ይህን ያህል ቀላል ነው። ከአራት አንድ መስጠት ያቃተው ፍቅር ግን ስሙ ሌላ ሊሆን ይገባዋል።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ አንድ ቅዳሜ ወደ ሜዳ ወርጄ ነበር። ጉም ከጦሳ ወርዶ ግማሹን ሜዳ ሸፍኖታል፤ ከወዲያኛው ግብ የሚሆነው በደንብ አይታይም። ከዚህ ወዲህ በጃንጥላ ሥር ተጠጋግተን የቆምነው ከሠላሳ አንበልጥም። ጨዋታው ከፍ ያለ ነበር ብዬ አልዋሽም። ነገር ግን አንድ ልጅ ከጉሙ ውስጥ ኳሷን እየገፋ ወደ እኛ ሲመጣ አጠገቤ የነበሩት ሰው በስሙ ጠሩት፤ ልጁም ሰምቶ ቀና አለ። በማሳያ ቤቱ ከተቀመጠው ሕዝብ ሁሉ በዚያች ሰዓት የጠራው ስም የተሰማለት አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ከሠላሳዎቻችን ግን ለአንዱ ተሰማ። የመገኘት ዋጋው ይህ ነው፤ በዚህ ዋጋም የሚከስር ሰው ያለ አይመስለኝም።